ለሀዘኔ የወለቀ ጓንት

የላስቲክ ጓንት ውስጥ የሚነሰነስ ነጭ ዱቄት አለ። ሽታው የታጠበ ሕፃን ገላ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን የጎማ ሽታ አለው፣ አዲስ ጫማ ከካርቶኑ ሲወጣ እንደሚሸተው ያለ። ይህን ሽታ ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር። ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ሜሮን ከኮሌጅ መጥታ ቦርሳዋን አልጋዬ ላይ ስትዘረግፍ፣ ከደብተሮቿ መሐል አንድ ጥንድ ጓንት ዱብ አለና ዱቄቱ ጥቁሩ ቀሚሴ ላይ ቡን አለ። ላራግፈው እጄን ሰደድኩ፤ እጄ እዚያው ቀረ።

ሜሮን ደግሞ የዚያን ቀን ፊቷ እንደ ሐምሌ ሰማይ ጠቁሮ ነበር።

«ማን ነካብኝ?» አልኳት።

«ማንም። ጓደኞቼ አኩርፈውኛል።»

«ምን አድርገሽ?»

«ቤተ ሙከራ ውስጥ አንዷን ልጅ ጥንቸል ቧጨራት። ‹እንዳትናገሪ፣ ከልምምድ ያስወጡኛል› አለችኝ። እኔ ለአስተማሪው ነገርኩት። አሁን ሁሉም ‹ጠቋሚ› ነው የሚሉኝ። ስገባ ዝም ይላሉ፣ ስወጣ ይስቃሉ።»

«አስተማሪውስ ምን አደረገ?»

«ምን ያደርጋል፣ አሳጠባት፣ ክሊኒክ ወሰዳት፣ አለቀ። ከልምምድም አላስወጣት። እኔ ግን ጠቋሚ ሆኜ ቀረሁ።»

«ይበሉሽ» አልኳት፤ «ጠቋሚ ይበሉሽ፣ የኔ እናት።» ዓይኔ ግን ዱቄቱ ላይ ነበር።

«እማማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ከአራስነቷ ያሳደግኳት ናትና ‹አንቺ› ነው የምትለኝ። ጓንቱን ከቀሚሴ ላይ አነሳችና ተያየን። እንግዲህ ለእሷ የነገርኳትን ነው አሁን የምጽፈው። ተማሪ ቤት ደጁን ረግጬ አላውቅም፤ ፊደሉን ቀበሌ ውስጥ፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሰሌን ላይ ተቀምጬ፣ ሕፃን ጡት እያጠባሁ ነው የለየሁት። ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ።

ነገሩ የሩቅ ነው። መንግሥት ተለውጦ፣ ወታደር የነበረው ሁሉ ካፖርቱን ጥቁር እያስነከረ የሰላም ሰው መምሰል የጀመረበት ጊዜ ነው፤ ዓመቱን አትጠይቁኝ። ጅማ ያኔ ባጃጅ የሚባል አታውቅም፣ ጋሪ ነበር። ከመርካቶ እስከ መንደራ ቆጪ ስሙኒ ከፍለን እንሄዳለን፤ ፈረሱ አንገት ላይ ቀይ የሱፍ ኳስ ይንጠለጠላል፣ ዝናብ የመጣ እንደሆነ ባለጋሪው ላስቲኩን ከእኛ ይልቅ ለፈረሱ ያለብሳል። ፈረንጅ አራዳ ማዕዘኑ ላይ ካሴት የሚሸጥ ሰው ነበር። ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ የኦሮምኛ ዘፈን ሲለቅ፣ ከዚያ በፊት በአደባባይ እንዲህ ሲንቆረቆር ሰምተው የማያውቁ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆሙ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ልባሽ ልብስ ይዘረጋል፤ ከፈረንጅ አገር የመጣ ሹራብ፣ ኪሱ ውስጥ አንዳንዴ የማናውቀው አገር የአውቶቡስ ትኬት ይገኛል። ለሦስት ልጆቼ የማለብሰው ከዚያ ነበር። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ሾፌር ነበር፤ ከሸዋ ይዞኝ መጥቶ፣ ቦሳ ኪቶ የሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሠርቶልኝ፣ ልጆቹ ጥርስ ሳይለውጡ ሞተብኝ። ዛሬ እሱ የሠራው መንገድ አስፋልት ሆኗል። በሄድኩበት ቁጥር ጎማው ሥር የእሱ እጅ ያለ ይመስለኛል።

ሥራ ያገኘሁት ከአዌቱ ወንዝ ወዲያ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። የማን እንደነበር አልጽፍም፤ አሁን ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። የመድኃኒት ምርምር ቤት ነው ይባል ነበር። የሰፈሩ ሰው ግን «አይጥ ቤት» ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ከኋላ በኩል ባለችው ረዥም ክፍል ውስጥ ነጫጭ አይጦች፣ ጥቂት ጥንቸሎችም ይረቡ ነበር። ለሰው የሚሆን መድኃኒት አስቀድሞ በእነሱ ይሞከራል። ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ አትለቀኝም ነበር፦ «እኛ ቤት ያሉትን ድመት ያሳድዳቸዋል፤ አንቺ ዘንድ ያሉትን መንግሥት ይቀልባቸዋል። ምናለ ከአንዱ አይጥ ደመወዝ ላይ ብትበደሪልኝ!» እኔም እስቅ ነበር። የአይጥ ሞግዚት መባል ከመራብ ይሻላል።

የእኔ ሥራ የውጪው ነው። ወለሉን በበረኪና አጥባለሁ፣ ጋዋኖቹን ቀቅዬ እዘረጋለሁ፣ ደግሞ ሰጋቱራ አመጣለሁ። ጅማ የበርጩማ አገር አይደለች? ከአናጢዎቹ ዘንድ ሄጄ የወደቀውን ሰጋቱራ በማዳበሪያ ሞልቼ፣ በጋሪ አምጥቼ፣ ነፍቼ፣ በርሜል ውስጥ በእሳት አግለዋለሁ። ለአይጦቹ መኝታ ነው። ሳይግል አይገባም፣ የዱር አይጥ ሸንቶበት ይሆናል። ይህን ሁሉ ያስተማረችን ዶክተሯ ናት፤ ቀጭን ሴት፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ በላስቲክ የምታስር፣ ስትናገር ጣቷን የምትቆጥር። «በሽታ በሁለት በኩል የሚሄድ መንገደኛ ነው» ትለን ነበር። «ከእነሱ ወደ እኛ ይመጣል፣ ከእኛም ወደ እነሱ ይሄዳል። ጉንፋን የያዘው ሰው እንዳይገባ። ያለ ጋዋን፣ ያለ ጓንት፣ ያለ ቦት ጫማ እንዳይገባ። በሩ ላይ ያለውን መድኃኒት የራሰ ጆንያ ሳይረግጥ እንዳይገባ። ውስጥ መብላት የለም፣ ዓይን ማሸት የለም፣ መጨባበጥ የለም። የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ደሙን ጨምቆ አፍስሶ፣ በሳሙና በሚወርድ ውኃ እስኪሰለቸው ይታጠብ፤ ደብተሩ ላይ ያስጽፍ፣ በዚያው ቀን ወደ እኔ ይምጣ። ትንሽ ናት ብሎ ነገር የለም።» ደብተሩ ቀይ ሽፋን ያለው ነው፤ ከምስማር ላይ በሲባጎ ታስሮ ይንጠለጠል ነበር።

ውስጥ ገብቶ አይጦቹን የሚይዘው ነስሩ ነው። ከጅማ ወጣ ብሎ ካለው ከሰቃ የመጣ ልጅ ነው፣ ባለትዳር፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ረዥም፣ ሲራመድ ጎንበስ የሚል፣ ሰው እንዳይረግጥ የሚፈራ የሚመስል። አይጦቹን «ሙሽሮቼ» ይላቸዋል፣ ነጭ ስለለበሱ። እኔን «አዮ» ነው የሚለኝ፣ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ «አዮ ዘነቡ»። በሩ ላይ ትንሽ መስታወት አለች። ጠዋት ጠዋት ሰጋቱራውን ደጃፉ ላይ ሳስቀምጥ፣ እሱ ከመስታወቷ ወዲያ ጓንት ያጠለቀ እጁን ከኋላው ደብቆ ራሱን ዝቅ ያደርግልኛል። አንድ ቀን ለምን እጅህን ትደብቃለህ ብለው፣ «ጓንት ያጠለቀ እጅ ለትልቅ ሰው አይታይም፣ ነውር ነው» አለኝ። ሥርዓቱን ከሁላችን አብልጦ ይጠብቅ የነበረው እሱ ነው። ይህን እወቁልኝ። ቸልተኛ አልነበረም። አንድ ቀን ነው፣ አንድ ቀን ብቻ።

መስከረም ጠብቶ ሸዋ ያለው ወንድሜ ሞተ። የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። ሄድኩ፤ ለቀብሩ አልደረስኩም፣ ከሰው ጋር ተቀምጬ አልቅሼ፣ ከሰል የመሰለ ጥቁር ለብሼ፣ ጸጉሬን ተላጭቼ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ጅማ ስገባ ቡናው መቅላት ጀምሮ ነበር። ግቢው ውስጥ የዚያን ጠዋት ሰው የለም፣ ስብሰባ ላይ ናቸው አሉ። ሰው ከሀዘን ሲመለስ ምን እንደሚፈልግ ታውቃላችሁ። የሚያውቀው ሰው እጅ ይዞት ‹እግዜር ያጽናሽ› እንዲለው ነው፤ ካልተባለ ሀዘኑ ጉሮሮው ላይ ይቆማል። ወደ መስታወቷ ሄድኩ። ነስሩ ውስጥ ነው፤ በግራ እጁ አንዷን አይጥ ይዞ ሚዛን ላይ ሊያስቀምጥ ነው። ቀና ብሎ ጥቁሬን አየ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። እኔ ምን አደረግኩ? በሩን ከፈትኩት። ጆንያውን በተራ ጫማዬ ረገጥኩና ገባሁ፣ እጄንም ዘረጋሁ።

እሱ ‹ውጪ አዮ› ማለት ነበረበት። አልቻለም። የተዘረጋ የሀዘንተኛ እጅ እንዴት ይመለሳል? በጓንትስ እንዴት ይጨበጣል? የቀኝ እጁን ጓንት ብብቱ ውስጥ ወትፎ መዥርጦ አወለቀው፤ ባዶ እጁን ሰጠኝ። «አላህ ያጽናዎት አዮ፣ ረቢ ሃ ጀጀቤሱ» አለኝ። እጁ ሞቃት ነበር፣ ዱቄቱ መዳፌ ላይ ቀረ። እኔ ያን ጊዜ ነው ድምፅ አውጥቼ ያለቀስኩት። ጩኸቴ ነው መሰለኝ አይጧን ያስደነበራት፤ ከግራ እጁ ተወራጭታ ስትወጣ በባዶ እጁ ቀለባት። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መሐል፣ ያቺ ለስላሳዋ ቦታ ላይ ጥርሷን ሰካችበት። ሁለት የደም ጠብታ፣ እንደ ቀይ ዶቃ።

አይጧን መልሶ ከተታት። ደሙን ጨመቀ፣ ቧንቧ ከፍቶ በሳሙና ታጠበ፣ ረዥም ጊዜ ታጠበ። እኔ በጥቁር ልብሴ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ አየዋለሁ። «ና ደብተሩ ላይ እንጻፈው» አልኩት። ዞሮ አየኝ። «ምን ብለን? ማን በሩን ከፈተ ቢሉኝ ምን እላለሁ?» አለኝ። ከእኔ በፊት የነበረችዋን ሴት አስተዳዳሪው ያባረራት ያለ ጋዋን ገብታ ስለተገኘች ነው፤ እኔ ደግሞ ጊዜያዊ ነበርኩ። ሦስት ልጅ አለኝ። «አዮ፣ ይህ ነገር በእኛ መሐል ይቅር። ታጥቤዋለሁ። ወላሂ ምንም አይደለም። ማሎ አዮ፣ ይማሉልኝ።» ማሎ ማለት ልመና ነው። እኔም በምን ማልኩ? በወንድሜ አፅም። አፈሩ ባልደረቀው። ከዚያ የከበደ መሐላ አልነበረኝም፣ ያለኝን ትልቁን ሰጠሁት። ምናለ ያን ቀን በትንሽ ነገር በማልኩ! ትንሽ መሐላ ይሰበራል።

ቁስሉ በአምስተኛው ቀን ደረቀ። ነስሩ ከመስታወቷ ወዲያ እጁን አሳይቶኝ ሳቀ። እኔም የመስቀል ወፍ እንዳየ ሰው ደስ አለኝ። ከሳምንት ምናምን በኋላ ግን ሳይመጣ ቀረ። ትኩሳት ይዞታል አሉ። የጅማ ሰው በዚያ ወራት ትኩሳት ያዘው ሲባል የሚጠይቀው ጥያቄ የለም፤ ዝናብ ሲያባራ ወባ ነው፣ ክኒኑን ውሰድ፣ ብርድ ልብስ ድረብ። ክኒኑን ሰጡት። ትኩሳቱ ለቀቅ አደረገው፣ ይኸው ወባ ነበር ተባለ፤ ተመልሶ ያዘው፣ ይኸው ወባ ያገረሻል ተባለ።

አንድ ጠዋት ዶክተሯ ሁላችንንም ደጃፉ ላይ ሰበሰበችን። አስተዳዳሪው ከኋላዋ ቆሞ የቁልፍ ቀለበቱን ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። «ነስሩ ታሟል፤ ወባ ነው ተብሏል፣ ይሁን» አለች። «እኔ ግን ልጠይቃችሁ። ከመታመሙ በፊት የነከሰው ወይም የቧጨረው ነገር ያየ አለ? ደብተሩ ላይ የለም።» አንድ በአንድ አየችን። «እትዬ ዘነቡ፣ እርስዎስ?»

ቁልፉ ይሽከረከራል። የወንድሜ መቃብር ዓይኔ ላይ መጣ። የልጆቼ ሹራብ መጣ።

«ኧረ የለም ዶክተር» አልኩ።

ሦስት ቃል ናት። ዛሬም አፌ ውስጥ አለች።

ቅዳሜ ስኳርና ቡስኩት ይዤ ሰቃ ወረድኩ፣ ልጠይቀው። ቤቱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ቡናው ውስጥ ነው። ሚስቱ ዘሃራ ትንሽ ልጅ አዝላ ተቀበለችኝ። ነስሩ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል፣ ጉልበቱ እንደ ዱባ አብጧል። «አዮ፣ ወባ ጉልበት ያሳብጣል እንዴ?» አለችኝ ዘሃራ፤ መዳፉን ገልብጣ አሳየችኝ። ቀይ ሽፍታ፣ መዳፉ ላይ፣ ውስጥ እግሩም ላይ። ‹አይጥ ነክሶታል› ማለት ነበር የቀረኝ። ነስሩ አየኝ። በዓይኑ ‹ማሎ› አለኝ። ዘሃራም ታየኛለች፣ አንድ ነገር እንድናገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። እኔ ስኳሩን አስቀምጬ «እግዜር ይማርህ ልጄ» ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ይዤ ከዋርካው ሥር ሁሉንም ነገርኳቸው። «ከመሐላዬ ይፍቱኝ» አልኳቸው። እኚህ ደግ ሽማግሌ መስቀላቸውን እንኳ አላወጡም። «አንቺ ሴት፣ ሰው እየሞተ እኔን ስትጠብቂ ነው የዋልሽው? የወንድምሽ አፅም ሰው ግደዪ አለሽ? ሩጪ!» አሉኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ሮጥኩ። ባለጋሪው ሁሉ «ምን ሆኑ እማማ?» ይለኛል፤ ጋሪ መያዝ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ዶክተሯ ቤቷ ነበረች፣ ጸጉሯን እየታጠበች። ፎጣ ጠምጥማ ወጣች። «ነክሶታል» አልኳት፤ «አይጧ እጁን ነክሳዋለች። እኔ ነኝ በሩን የከፈትኩት።» አልጮኸችብኝም። ፎጣውን ጣለችው። በእርጥብ ጸጉሯ፣ የጎረቤት መኪና ለምና፣ ፔኒሲሊን ይዛ፣ እኔን ከኋላ አስቀምጣ ወደ ሰቃ ነዳች። መንገድ ዳር ሁሉ ቡና ተሰጥቷል። አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረችኝ፦ «ስንት ቀኑ ነው?» ቆጥሬ ነገርኳት። መሪውን አጥብቃ ያዘች።

መርፌውን ወጋችው፣ ጅማ ሆስፒታል አስገባችው። ለቤተሰቡ አይጥ ነክሶት ኖሯል ብላ ነገረቻቸው፤ ማን በሩን እንደከፈተ ግን አልተናገረችም። ሦስተኛው ቀን ላይ ዘሃራ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ብቻችንን ሆንን። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ትንፋሹ አጭር ነው። በሽታው ልቡ ውስጥ ገብቶበታል ብለው ነበር። «ነገሯቸው አዮ?» አለኝ። «ነገርኩ ልጄ።» እኔ ወቀሳ ጠበቅኩ፤ ብትወቅሰኝ ብዬ ጸለይኩ።

«ሥራዎትስ?» አለኝ።

ለእኔ የተናገረው የመጨረሻው ቃል ይህ ነው። በማግስቱ ጠዋት አረፈ።

ሥራዬስ ምን ሆነ? ምንም። ዶክተሯ ከቀብሩ በኋላ ጠርታኝ፣ ያን ቀይ ደብተር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «እትዬ ዘነቡ፣ ይህ ደብተር ለቅጣት አልነበረም፤ ለመድኃኒት ነበር» አለችኝ። «ይህን ሳላስረዳችሁ የቀረሁት እኔ ነኝ። አንድ መርፌ ነበር፣ በጊዜው አንድ መርፌ።» እኔን ስትወቅስ ሳይሆን ራሷን ስትወቅስ አለቀሰች፤ ይህ ደግሞ ይብስ ነበር። ከዚያ ወዲያ የነከሰውም ያስነከሰውም ቢናገር ከሥራ አይባረርም የሚል ወረቀት በአማርኛም በኦሮምኛም ተለጠፈ። ደጃፉ ላይ አግዳሚ ወንበር ተሠራ፣ አጠገቡ ቧንቧ። ከሀዘን የተመለሰ ሰው እዚያ ይቀመጣል፤ ውስጥ ያለው ሰው አይጡን አስቀምጦ፣ አውልቆ፣ ታጥቦ ይወጣና እጁን ይዞ ያጽናናዋል። ወንበሩን የሠራው ሰጋቱራ የምወስድበት አናጢ ነው። ለስንቱ ሰው ሆነ። ለእኛ ግን ዘገየ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየቀኑ ጠረግኩት፣ አንድም ቀን አልተቀመጥኩበትም።

ዘሃራ ደግሞ ምን አደረገች መሰላችሁ? በዓመቱ፣ ማር ሲቆረጥ፣ ሰቃ በሚመላለስ ሰው አንድ ጣሳ ማር ላከችልኝ። በዓመቱም እንደገና። እሷ የምታውቀኝ ባሏን ልትጠይቅ ስኳር ይዛ የመጣች ደግ ሴት አድርጋ ነው፣ እል ነበር በልቤ። ማሩ በጉሮሮዬ አይወርድም። ለጎረቤት እሰጠዋለሁ፣ ጣሳውን አጥባለሁ፣ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና ስኳር ሞልቼ እልካለሁ። እትዬ አልማዝ ማሩን እየላሰች «አንቺ መቼም የታደልሽ ነሽ» ትለኛለች። ጋሪው ቀርቶ ባጃጅ መጣ፣ ካሴቱ ቀርቶ ሁሉም ዘፈን በስልክ ሆነ፣ እትዬ አልማዝ ሞተች፣ ማሩ ግን አልቀረም። እኔም ወደ ሰቃ አልሄድኩም። አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት።

ሜሮን ይህን ሁሉ ሰምታ ስትጨርስ ጓንቱን እጥፍጥፍ አድርጋ ይዛው ነበር። «ሚስትየዋስ?» አለችኝ። «ለእሷ ነገርሻት? በሩን የከፈትሽው አንቺ መሆንሽን?»

«አልነገርኳትም።»

«እማማ!» አለችኝ። እኔ ደግሞ ቅድም ነው ‹ጠቋሚ ይበሉሽ› ያልኳት።

ሐሙስ ዕለት ሚኒባስ ይዘን ሰቃ ሄድን። ዘሃራ አርጅታለች፤ ያ አዝላው የነበረው ልጅ የራሱን ልጅ ይዞ በር ላይ ቆሟል። «አዮ!» ብላ አቅፋ አስገባችኝ። ልብላ ልጠጣ ሳልል፣ ቁጭ እንዳልኩ ነገርኳት። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጓንቱን ያወለቀው ለእኔ ነው። ዶክተሯ ስትጠይቀኝ የለም ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ቤት ስገባ ሽፍታውን አሳይተሽኝ ዝም ብዬ የወጣሁት እኔ ነኝ። ራሴን አቀርቅሬ ነው የተናገርኩት። ዘሃራ ቀኝ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ መሐል፣ ያቺን ለስላሳ ቦታ በጣቷ ጫን አደረገቻት።

«እዚህ ጋ ነበር፣ አይደል አዮ?»

ለዶክተሯ እንኳ ‹እጁን› ብቻ ነበር ያልኳት። ቦታውን ከሜሮን በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም።

«የዚያን ቀን እንደገባ ፕላስተሩን አይቼ ጠየቅኩት» አለች። «አንድም ሳይደብቅ ነገረኝ። ‹አዮ ወንድማቸው ሞቶባቸው መጡ፤ እንዴት በጓንት ላጽናናቸው?› አለኝ። ከተናገርሽ ሥራቸውን ያጣሉ ብሎ ወላሂ አስባለኝ። ትኩሳቱ ሲመጣ ጤና ጣቢያ ‹የነከሰው ነገር አለ ወይ?› ብለው ጠየቁኝ።» እጄን አልለቀቀችም። «የለም አልኩ አዮ። እኔም የለም አልኩ። ያን ቅዳሜ እርስዎ ሲመጡ መዳፉን ያሳየሁዎት፣ እርስዎ ቢናገሩት ብዬ ነበር።»

ሜሮን ተነሥታ ወደ ደጅ ወጣች። እኔ መሐላዬን ስጠብቅ፣ ዘሃራ እኔን ስትጠብቅ፣ እሱ በመሐላችን ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ነበር።

«ታዲያ እኔ መሆኔን እያወቅሽ» አልኩ በመጨረሻ፣ «ያ ሁሉ ማር ለምን ነበር?»

«ብቻዬን ነበርኩ አዮ። የማውቀውን የሚያውቅ ሌላ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ማሩን በላክኩ ቁጥር፣ ዘንድሮ መጥተው ይነግሩኛል፣ እኔም እነግርዎታለሁ እላለሁ።» ቀና ብላ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጣሳ አየች፣ የታጠበውን፣ የሚያብለጨልጨውን። «በየዓመቱ ስኳር ሞልተው ይመልሱልኛል። እኔ ግን ስኳር አልነበረም የምጠብቀው።»